ሻርክ፣ ሽቦና ሰባት ቤት

ሻርክ የሚሉትን ዓሣ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያም ሆኖ አንድ ሙሉ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ የደለበ ሙክትና በሚስቴ ዘንድ የነበረችኝን ጥቂት ክብር በልቶብኛል። ባሕር ውስጥ ሲዋኝ እግሩን የተነከሰ ሰው ቢያንስ የነከሰውን አይቶታል... እኔ ግን ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ካፖርቴን ደርቤ እንደተቀመጥኩ ነው የተበላሁት!

ስለዚህ ሴት ልጅ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። የተማረ ሰው ልጃችሁን ሊያገባ ሲመጣ ምን እንደተማረ አትጠይቁ። ደመወዙን ጠይቁ፣ ጠባዩን ጠይቁ፣ መጠጥ ይወድ እንደሆነ ጎረቤቱን ጠይቁ። ትምህርቱን ግን ተዉት። የተማረ ሰው ከተጠየቀ ይመልሳላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቄ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነው፤ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ብሬከር፣ አምፖል፣ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተበጥሷል። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ገበያ ነው፤ ገበያ ደግሞ መጀመሪያ ይፈትናችሁና ከወደቃችሁ በኋላ ነው የሚያስተምራችሁ። ፍሬሕይወት የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ነርስ ናት። ቤታችን ውስጥ እኔ፣ እሷና እናቷ አዛለች ነን።

ከጥምቀት በኋላ አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። የመሯቸው መሪጌታ ፈንታ ናቸው። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ያስተምራሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ሕዝብ ማን ከማን እንደተወለደ በቃላቸው ይዘዋል። ሁለተኛው አቶ ደሴ፣ ከስማዳ የመጣ የልጁ አጎት ነው። ሦስተኛው ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ቁጥር ለመሙላት ሳይመጣ አልቀረም።

«ኧረ ቁጭ በሉ!» አልኩ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

«የመጣችሁበት ምንድን ነው?»

«ልጅህን ለልጃችን ብለን ነው። ጌትነት ይባላል። የስማዳ ልጅ ነው፤ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተምራል። ሁለተኛ ዲግሪም አለው።»

ደንቡ ግልጽ ነው። አባት በዚህ ጊዜ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ዘመድ አማክሬ እነግራችኋለሁ» ይላል፤ ሽማግሌም ይሄዳል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካርቶን ሳልከፍት ዕቃ ገዝቼ አላውቅም።

«በምን?» አልኩ።

«በምን ማለት?»

«ሁለተኛ ዲግሪው... በምንድን ነው?»

መሪጌታ ወደ አቶ ደሴ ዞሩ። አቶ ደሴ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ ልጁ አስቀድሞ ጽፎ ሰጥቶታል መሰለኝ። ከዓይኑ አርቆ ያዘውና እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ አነበበው፦ «የነርቭ ሽፋን... በሻርክና በዘመዶቹ ላይ... እንዴት እንደመጣ።»

አዛለች ከጓዳ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ሻርክ ደግሞ የየት አገር ሰው ነው?»

«ዓሣ ነው» አለ አቶ ደሴ፣ የዘመድ ነውር እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጣና ውስጥ አለ?» አልኩ።

«የለም።»

«ርብ ወንዝስ?»

«ኧረ የለም! ትልቁ ባሕር ውስጥ ነው። ሰው ይበላል።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አንድ ሰው ከስማዳ ተነስቶ፣ ስንት ዓመት ተምሮ፣ በአገሩ የሌለ፣ ቢኖርም የሚበላውን ዓሣ ነርቭ አጥንቶ ልጅህን ስጠኝ ሲል ምን ትላላችሁ? እኔ «ልጁ ራሱ ይምጣና ያስረዳኝ» አልኩ።

መሪጌታ ቅንድባቸውን አነሱ። «ልጁ? አንተ ዘንድ? ገና ቃል ሳትሰጥ?»

ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አማች የሚሆን ሰው አባትየው እሺ ሳይል ፊቱ አይቆምም። «ሽቦ እንደሚገዛ ሆኖ ይምጣ» አልኩ።

መሪጌታ ወደ በሩ እየዞሩ፣ «እንግዲህ... ሽቦ ይግዛ» አሉ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቀጠን ያለ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ የቀረበት፣ ውሸት ያልተማረ ልጅ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ሽቦ... ሽቦ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ቁጥር?»

ጭንቅ አለው። «ማንኛውንም» አለ። ማንኛውንም ሽቦ የሚገዛ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ና ግባ» አልኩት፤ «ሻርክ አይተሃል?»

«በፎቶ አይቻለሁ።»

«በአካልስ?»

«አንድ ጊዜ... ትንሽ፣ በጠርሙስ ውስጥ፣ ጋሼ።»

ያዘንኩለት እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን ስለ ዓሣው መናገር ሲጀምር ያ ዓይን አፋርነቱ ሁሉ ጥሎት ሄደ። ከመደርደሪያው የሁለት ነጥብ አምስት ሽቦ ጥቅል አወረደ።

«ጋሼ፣ ይህን ፕላስቲኩን ብንልጠውና መብራት ብንለቅበት ምን ይሆናል?»

«ሰው ይገድላል።»

«ከመግደሉ በፊትስ?»

«ከመግደሉ በፊት ቤት ያቃጥላል።»

«መብራቱ መንገድ ላይ ይፈሳል ማለት ነው! ነርቭም እንዲሁ ነው። ላምፕሬ የሚባል ዓሣ አለ። እባብ ይመስላል፤ መንጋጋ የለውም፤ በክብ አፉ ይጠባል። ነርቮቹ ራቁታቸውን ናቸው። መልእክት ከራሱ እስከ ጭራው ሲጓዝ እየፈሰሰ ይዘገያል። ቶሎ እንዲደርስለት ከፈለገ ነርቩን ማወፈር ነው ያለበት።»

«ወፍራም ሽቦ ደግሞ ውድ ነው።»

«ቦታም ይይዛል! ሻርክ ግን ነርቩ በስብ ተጠቅልሎለታል፤ ማይሊን ይባላል። ሳይወፍር ፈጠነ።»

«ስንት ዙር ነው የተጠቀለለው?»

«ብዙ ዙር፣ ላይ በላዩ።»

«እንደ ናስትሮ?»

«ልክ እንደ ናስትሮ ጋሼ!»

እውነቱን ልናገር፣ በዚህች ደቂቃ ልጄን ሰጥቼዋለሁ። ናስትሮ አጠማዘዝ የገባው ሰው ሚስት አያያዝም ይገባዋል ብዬ ነው። ግን ነጋዴ ዋጋው የተስማማው ጊዜ ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔም አጠቆርኩ። «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ሁለተኛ ዲግሪ የሚያሰጠው?» አልኩት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሞቅ ብሎት «ቢላ ይስጡኝ» አለ፤ ሰጠሁት። ሽፋኑ ድፍን እንዳልሆነ፣ በየመሀሉ ትንሽ ትንሽ ክፍተት እንዳለው፣ መልእክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ እንደሚሄድ እየነገረኝ፣ የጥቅሉን ጫፍ ይዞ በየስንዝሩ ፕላስቲኩን ይቀርፍ ጀመር። እሱ ይናገራል፣ ይቀርፋል፤ እኔ እሰማለሁ፣ እተወዋለሁ። የሰው ልጅ ደግ ነገር ሲሰማ ንብረቱን ይረሳል። ወደ ራሴ ስመለስ ጥቅሉ በሙሉ ሱቁ ወለል ላይ ተዘርግቶ በየስንዝሩ መዳቡ ያብለጨልጫል!

ባትሪ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ በር ላይ ቆሞ አየው።

«አቶ ሞላ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የሻርክ ነርቭ ነው» አልኩት።

ጥቂት አሰበና፣ «ሜትሩ ስንት ነው?» አለኝ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። «ስማ፣ ይሄ ሁሉ የሆነው ድሮ ከሆነ፣ ነርቩ በስብሶ ጠፍቷል። ማን አይቶ ነው ሽፋን ነበረው የሚለው?»

«ቀዳዳውን አይተው ነው። የጥንት ባለመንጋጋ ዓሦች ራስ ቅል ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ነርቭ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። መንጋጋ ከሌላቸው ከቀደሙት ይልቅ ነርቩ ረዝሟል፣ ቀዳዳው ግን በዚያው ልክ አልሰፋም። ሽቦው ሳይወፍር ርቆ ይደርስ ነበር ማለት ነው።»

ይሄንማ እንዴት አድርጌ ልጣው! ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ቱቦ አይቶ ስንት ቁጥር ሽቦ እንዳለፈበት መገመት የኔ የዘወትር ሥራ ነው። ዲግሪው ቢቀር ሠርተፊኬት ሳይገባኝ አይቀርም።

«እንግዲህ ጋሼ፣» አለ ቢላውን እየመለሰልኝ፣ «ላምፕሬ ሽፋን የለውም። ሻርክ አለው፣ ጠፍጣፋዎቹ ዘመዶቹም አላቸው። እኛም አለን። ስለዚህ ሽፋኑ የመጣው ላምፕሬ ተለይቶ ከሄደ በኋላ፣ ሻርክና እኛ ከመለያየታችን በፊት፣ በጋራ አያታችን ላይ ነው።»

«የማንና የማን አያት?»

«የሻርክና... የእኛ።»

ተነስቼ የሱቁን በር ገርበብ አደረግሁ። «ይሄን ለመሪጌታ ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እንዳትነግራቸው!»

አልነገራቸውም። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተመለሱ። በዚህኛው ተቀመጡ፤ ጠላም ተቀዳላቸው። የቀረው ዘር ቆጠራ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ወንድና ሴት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፣ አይጋቡም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው መጀመሪያ የኔን ወገን ቆጠሩ፤ አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን እያሉ እስቴ ደረሱና ወርቄ የሚባል ባለርስት ላይ ቆሙ። ከዚያ የልጁን ወገን ከስማዳ ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩ። ካሳ የሚባል ሰው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ካሳ የስማዳ ሰው አይደለም። ከእስቴ ተሻግሮ የመጣ ነው። ያደገው ወርቄ ቤት ነው።»

«ወልዶት ነው?» አልኩ።

«ጭንቁ እሱ ነው። ወልዶት ነው የሚሉ አሉ፤ እናት አባቱ ሞተውበት አሳድጎት ነው የሚሉም አሉ። ከወለደው ልጆቹ በስድስተኛ ቤት ዘመዳሞች ናቸው። ጋብቻው አይሆንም።»

የጓዳው መጋረጃ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ በስሩ የፍሬሕይወት ጫማ ይታየኛል። ሲነጋገሩ ወዲህ ወዲያ ይል የነበረው ጫማ ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጄ ይሄን ልጅ ምን ያህል እንደምትፈልገው የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ነገር ማለት አለብኝ ብዬ አሰብኩ። እዚህ አገር ሰው የሚጠፋው እንዲህ ሲያስብ ነው...

«መሪጌታ፣» አልኩ፣ «አንድ ስድስተኛ ቤት ምን ያስጨንቀናል? ወደ ኋላ ከቆጠርን እኮ ሻርክም ዘመዳችን ነው።»

«ማን?»

«ሻርክ።»

«ሰው የሚበላው?»

«አዎ። በአያት እንገናኛለን።»

«በስንተኛ ቤት?»

«ቤቱ እንኳ... ገና አልተቆጠረም።»

«ማነው ይሄን የነገረህ?»

ዝም ብል ምን ነበረበት? «ጌትነት» አልኩ።

መሪጌታ ተነሱ። «እኔ የሰው ዘር ልቆጥር መጣሁ እንጂ የዓሣ ዘር ልቆጥር አልመጣሁም» አሉና ወጡ። አቶ ደሴም ተከተላቸው። ሦስተኛው ሰውዬ ጠላውን እስኪጨልጥ ጥቂት ዘገየ።

አዛለች መሀል ቤት ቆማ አየችኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽቦ ሸጠህ፣ ዛሬ ራስህ ኮንታክት አደረግህ» አለች። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ሳምንት እራቴን ያቀረበችልኝ ያለ ቃል ነው። ፍሬሕይወት አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ጌትነት ስለ ላምፕሬ ነግሮሃል?»

«ነግሮኛል ልጄ።»

«እሱን ነህ» አለችኝ፤ «ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርስህ።»

በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ሙክት ገዛሁ። በሁዳዴ ሙክት የሚገዛ ሰው በሁለት ነገር ይጠረጠራል፤ ወይ ሃይማኖቱን ትቷል፣ ወይ ልቡን ስቷል። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ለሙክቱም እንደ ሰው አስከፈለኝ። ሙክቱ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ እኔ ቆሜ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ የቀረውን መንገድ ቤተ ልሔም ድረስ በእግሬ ጎተትኩት፤ ወይም ጎተተኝ።

መሪጌታ ከቤታቸው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተማሪዎቹ ራቅ ብለው ያዜማሉ። እኔን አላዩኝም፤ ሙክቱን ነው ያዩት።

«ይሄኛው ደግሞ በስንተኛ ቤት ዘመድህ ነው?»

«ይቅርታ ልልዎት ነው መሪጌታ። ለፋሲካ ይሁንዎት።»

«እሰረው።» አሰርኩት። «ተቀመጥ።» ተቀመጥኩ። ለጥቂት ጊዜ ዜማውን ሰሙ፤ አንዱ ተማሪ ሲስት በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና አረሙት። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ያ ልጅ ዝምድናውን በምን አወቀው?» አሉኝ።

«የትኛውን?»

«የዓሣውን! መዝገብ አለው?»

«የለውም።»

«ምስክር?»

«ሁሉም ሞተዋል መሪጌታ።»

«ታዲያ በምን ቆጠረው?»

ሰውየው አኩርፈው አልነበረም። እሳቸው የማያውቁት የዘር አቆጣጠር በዓለም ላይ መኖሩ ነው እንቅልፍ የነሳቸው። እንደሚሆን አድርጌ አስረዳኋቸው። ከአንድ አባት የወረዱ ሁሉ የአባታቸውን ውርስ ይዘው ይገኛሉ፤ ሻርክም እኛም ነርቫችን የተሸፈነ ነው፤ ላምፕሬ ግን የለውም፤ ስለዚህ ሽፋኑ ከመጣበት አያት አልተወለደም፣ ቀድሞ ተለይቷል አልኳቸው።

«ወርሶ ጥሎት ቢሆንስ?» አሉ ወዲያው። ይሄን ጥያቄ ለማግኘት እኔ ሽቦ ከፍዬም አልቻልኩም!

«ቢጥለው ዱካ ይቀርበት ነበር። ዱካ የለውም ይላሉ።»

«ዱካ...» አሉ። ከዚያ ድንገት፣ «ወርቄ ርስት ነበረው» አሉ።

«ነበረው።»

«ዘሮቹ ተካፈሉት።»

«ተካፈሉት ይባላል? ሲካሰሱ ነው የኖሩት እንጂ! አባቴ የወርቄን ርስት ተከራካሪዎች እንደ ጸሎት ነበር በስም የሚደግማቸው። መንግሥት መሬት እስኪወርስ ድረስ ስንቅ ሰንቆ ፍርድ ቤት ተመላልሷል።»

«ከነዚያ ከሳሾች ውስጥ ከስማዳ የመጣ ነበር?»

አሰብኩ። ከእስቴ ነበሩ። ከጋይንት ነበሩ። ሽባ ሆኖ በቃሬዛ እየመጣ የሚከስ አንድ ሽማግሌ ነበር። ከስማዳ ግን...

«አንድም የለም።»

«የካሳ ልጆች በወርቄ ርስት አንድ ቀን እንኳ አልከሰሱም?»

«አንድ ቀንም!»

መሪጌታ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «እንግዲያው ካሳን ወርቄ አልወለደውም። መሬቱ ባይደርሳቸው ክሱ ይደርሳቸው ነበር። ያባቱ ርስት አጠገቡ እያለ ሳይከስ የሞተ ሰው በዚህ አገር አልተወለደም።»

ደስታዬ ገንፍሎ፣ «አዩ መሪጌታ፣ ዓሣው...» ልል ስል መቋሚያቸውን አነሱ።

«ዓሣውን ተወው። ይሄን ድሮም አውቀው ነበር።»

እሑድ ሁላችንም እኔ ቤት ተሰበሰብን። ጌትነትን ደንቡን ሽረው አምጥተውታል፤ በር አጠገብ ቆሟል። መሪጌታ ፍርዱን ተናገሩ፤ ካሳ በወርቄ ቤት አደገ እንጂ ከወርቄ አልተወለደም፤ ማስረጃው የስማዳ ወገን አንድ ቀን እንኳ ለርስቱ ተሟግቶ አለማወቁ ነው። አዛለች እልል ልትል አፏን ስትከፍት አቶ ደሴ ብድግ አለ።

«ምን ማለትዎ ነው? መክሰስ አቅቶን ነው እንዴ?» ፊቱ በርበሬ መስሏል። «የእኛ ወገን ከማን ያንሳል? ካሳ ሊከስ አስቦ ነበር እኮ! ዘመኑ ከፋበት እንጂ!»

«አጎቴ...» አለ ጌትነት ከበሩ ላይ።

«ዝም በል! በሰው ፊት የማይከስ ወገን ተብለን እንቅር?»

የመጋረጃው ስር ጫማ ደንዝዞ ቆመ። እኔም በዚህኛው አፌን ያዝኩ፤ ትምህርት ገብቶኛል።

መሪጌታ ለስለስ ብለው፣ «አቶ ደሴ፣» አሉ፣ «ከሰሳችሁ ወይስ አልከሰሳችሁም? ከሰስን ካልክ ክብርህን ይዘህ ስማዳ ትገባለህ፤ ልጅህን ግን ያለ ሚስት ነው የምትወስደው።»

አቶ ደሴ ልጁን አየ። መጋረጃውን አየ። ሦስተኛው ሰውዬ እንኳ ጠላውን አስቀምጦ ጠበቀ።

«...አልከሰስንም» አለ። እናንተዬ፣ ሰው ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ ሲነቅሉት እንደዚያ አይሆንም።

«ጨምር» አሉ መሪጌታ።

«አስበንም አናውቅ!» አለና ቁጭ ብሎ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ።

እኔም ሰጥቻለሁ አልኩ፤ አዛለችም እልልታዋን ከቆመችበት ቀጠለች።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደረገ። ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቤት ተከራይተዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን እኛ ዘንድ ይበላሉ።

ቤታችን ሦስት ነበርን። አሁን ሁለት ነን፤ እሑድ እሑድ አራት።